እትዬ አየለች አይቀመጡም

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው አገር፣ ሕፃናትን ከክፉ ነገር በመጠበቅ እኔን የሚስተካከል ሰው አልተፈጠረም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ የምስክር ወረቀት ስላለኝ ነው። የትምህርት ቤታችን የሕፃናት ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር በነበርኩበት ዘመን ጅብ እንኳ ተማሪ ሲያይ መንገድ ይለቅ ነበር።

ሊቀመንበር የሆንኩት ግን ኮት ስለነበረኝ ነው። ከወረዳ የመጡት ሰዎች «ለስልጠና የሚሄድ ሊቀመንበር ምረጡ» ሲሉ ርዕሰ መምህሩ ሁላችንንም ከላይ እስከ ታች አየን። ሻጋታ ያልያዘው ኮት የለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በኛ አገር ዝናብ ይሄ ቀላል ሙያ አይደለም። ሚዛን ወርጄ ሰለጠንኩ፣ ማለትም ብዙ ሻይ ጠጣሁ፣ ወረቀቴን ተቀብዬ ተመለስኩ። ሥራውን የሚሠሩት ግን የኮሚቴው ተጠሪ እትዬ አየለች ነበሩ።

እትዬ አየለች አረፉ። መርዶውን የሰማሁት ሚዛን ፀጉሬን ስቆረጥ ነው። ፀጉር አስተካካዩ የጭንቅላቴን አንድ ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው ሲዞር፣ «ቲቸር፣ እትዬ አየለች'ኮ ትናንት አረፉ፤ አልሰሙም?» አለኝ። ፎጣውን አንገቴ ላይ እንዳለ ይዤ ወጣሁና ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ለቀስተኛው ግማሹ የተላጨ ግማሹ የጎፈረ ጭንቅላቴን ሲያይ፣ ከሐዘን ብዛት ፀጉሩን ነጨ ብሎ ከሟቿ ልጆች ይልቅ እኔን አጽናናኝ። እትዬ አየለች ቢያዩኝ ኖሮ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፦ «ደግሞ እዚህም መጥተህ ሊቀመንበር ሆንክ?»

ቦንጋ ተወልደው በትዳር ወደ ቤንች አገር የመጡ፣ አንደኛ ክፍል የሚያስተምሩ ሴት ነበሩ። ቁመታቸው ከስድስተኛ ክፍል ተማሪ አይበልጥም። ድምፃቸው ግን ደወላችን በተሰረቀበት ዓመት ትምህርት ቤቱን ብቻውን ሲያስገባና ሲያስወጣ ከርሟል፤ አንዳንድ ጊዜ የጎረቤት ቀበሌ ትምህርት ቤትም በሳቸው ድምፅ ለዕረፍት ይወጣ ነበር ይባላል። በጋ ከክረምት ጥቁር የላስቲክ ቦቲ ያደርጋሉ። በኛ አገር በጋ የሚባለው ዝናቡ ትንፋሽ የሚወስድበት ጊዜ ነው። በካፍኛ፣ በቤንችኛና በአማርኛ እንደ ልባቸው ይጫወታሉ፤ ሲቆጡ ግን በሦስቱም ዝም ይላሉ።

ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይቆማሉ። ሌላው መምህር በር ላይ ሲቆም አርጩሜ ይይዛል። እሳቸው የሚይዙት አንድ ጥያቄ ነው፦ «መንገዱ እንዴት ነበር?»

መጀመሪያ እንስቅባቸው ነበር። «እትዬ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ እንዴ?» እንላለን። ልጆቹ ግን ይመልሳሉ። «ደህና ነው፤ ድልድዩ ጋ ያለው ሰውዬ ዛሬም ሸንኮራ ልስጥሽ አለኝ።» «ደህና ነው፤ ውኃ አድርሼ ስለመጣሁ ነው የዘገየሁት፤ እንጀራ እናቴ ነች የላከችኝ።» ልጅን «ማን ምን አደረገህ?» ካልከው አፉን ይዘጋል፤ ስለ መንገድ ከጠየቅከው ግን ከቤቱ ደጃፍ ጀምሮ ያየውን ሁሉ ይዘረግፍልሃል። ልጆቻችን የሚመጡት ቡናው ከላይ በዛፍ ተሸፍኖ በቀትር በሚጨልምበት ጫካ ውስጥ ነው። የሸንኮራው ሰውዬ በሳምንቱ ከድልድዩ ጠፋ። እትዬ አየለች ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ሸንኮራውን ግን ይዘው መጥተው ለመምህራን አካፈሉን፤ ጣፋጭ ነበር።

አንድ ቀን፣ የቤት ሥራ ረሳሁት የሚል ተማሪ ይዤ «ይኼ ውሸታም!» ስል ሰምተው፣ «ልጅ የሚዋሸው ሲፈራ ነው» አሉኝ። «ትልቅ ሰው ግን ሲጠግብም ይዋሻል። አንተ ዛሬ በደንብ በልተሃል መሰለኝ።»

ዋናው መሣሪያቸው ግን መቆም ነበር። በኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ አልቀመጥም የሚል እንግዳ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ መርዶ ነጋሪ ወይ ሽማግሌ። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲመጣ «እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» ብሎ ይቆማል። ባለቤቱ ደግሞ የቆመ እንግዳ ያንገበግበዋል፤ ቤቱ ቤት አይመስለውም። ይህን ደንብ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ለሕፃናት ጥበቃ ይውላል ብሎ ያሰበ ግን ከእትዬ አየለች በፊት አልነበረም፤ በስልጠናውም ላይ አልተነሳም።

ቡናው ሲቀላ ክፍሉ ይገረጣል። አንድ የለቀማ ወቅት ከታችኛው ክፍል ግማሹ ልጅ ጠፋ። ርዕሰ መምህሩ ለወላጆች ማስጠንቀቂያ ጻፈ። ወላጆቹ ማንበብ ስለማይችሉ ወረቀቱን ለልጆቻቸው አስቀመጡ፤ ልጆቹ ቡና ለቀማ ላይ ስለነበሩ ሳይነበብ ቀረ። እትዬ አየለች ቦቲያቸውን አደረጉና የአምስት ተማሪ አባት ከሆነ አንድ ገበሬ ቤት ሄዱ። ገቡ፤ ቆሙ።

«ይቀመጡ እንጂ መምህርት!»

«ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ እቀመጣለሁ።»

ጎደሬ ተቀቅሎ ቀረበ። ማር ቀረበ። እሳቸው ምሰሶውን ሳይደገፉ እንደ ምሰሶ ቆሙ። በአጥሩ አጠገብ የሚያልፍ ሰው በር ላይ የቆመች ሴት ሲያይ «ማን አረፈ?» እያለ ይገባ ጀመር። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ግቢውን ስታቋርጥ ሰውየው አላስቻለውም።

«ኧረ ማንም አልሞተም! ነገ ይመጣሉ! ቡናውን ከትምህርት በኋላ ይለቅማሉ! በናታችሁ ይቺን ሴት አስቀምጡልኝ!»

ተቀመጡ፤ ጎደሬውንም በማር በሉ። ከዚያ ወዲያ የሳቸው ቦቲ ዳገቱ ላይ ከታየ፣ ልጁን ቤት ያስቀረ አባት ሁሉ ደብተር ፍለጋ ይሯሯጥ ነበር።

«እትዬ፣ ለምን ለፖሊስ አይነግሩም?» አልኳቸው አንድ ቀን፤ ሊቀመንበር ነኝና።

«እነግራለሁ እንጂ። ግን ሕግ የሚመጣው በእግሩ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ጭቃ ነው። እስኪደርስ እኔ ልቁም።»

ይህን ሲሉ አልሳቁም። ከዚያ በፊት አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ልትዳር ነው ብለው ለወረዳ አመልክተው ነበር። «ጉዳዩ እንዲጣራ» የሚለው መልስ ሲመጣ ልጅቱ አራስ ነበረች። እትዬ አየለች ወረቀቱን ለሊቀመንበሩ፣ ማለትም ለእኔ ሰጡኝና ሄደው ክፍላቸው ውስጥ ቁጭ አሉ። የዚያን ቀን ድምፃቸው አልተሰማም፤ የጎረቤት ትምህርት ቤትም ለዕረፍት ሳይወጣ ዋለ።

ከዚያ ነው የብዙነሽ ነገር የመጣው።

ብዙነሽ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ እስከ ዛሬ ካስተማርኳቸው ሁሉ እኔን በጥያቄ ያላበችኝ እሷ ብቻ ነች። ሐሙስ ጠዋት በሩ ላይ ደርሳ ቆመች።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» አሏት እትዬ አየለች።

«መንገዱ ደህና ነው ቲቸር። ቤቱ ነው እንጂ።»

እሑድ ሽማግሌ ሊመጣባት ነው። የሚጠይቃት ሰው የአባቷን የአቶ ወልዴን ቡና በኢሱዙ የሚጭን ነጋዴ ነው። ከአባቷ የሚያንሰው በአንድ መኸር ብቻ ነው ይባላል፤ ይህን ያልኩት እኔው ነኝ፤ ግን ከእውነቱ ብዙም አልራቅኩም። አባቷ እሺ ካሉ ሠርጉ ወዲያው ነው፤ የሚኒስትሪ ፈተናው ደግሞ ገና ሰኔ ላይ ነው። ፈተናውን ካለፈች ሚዛን ያለችው አክስቷ ወስዳ ሁለተኛ ደረጃ ልታስተምራት ቃል ገብታለች። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያቺን ዓመት መሻገር ላይ ነበር። ለዚህ ደግሞ የአካባቢው ደንብ አንድ ቀዳዳ አለው፦ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ ከተቀመጠ ጥያቄውን ራሱ እንደተወ ይቆጠራል፤ በዚያ ዓመት ተመልሶ አይመጣም።

እትዬ አየለች ያንኑ ቀን ወደ ወረዳ ሄዱ። «ሰኞ እንመጣለን» ተባሉ። ሽማግሌው እሑድ፣ ሕጉ ሰኞ።

«ሊቀመንበር» አሉኝ ሲመለሱ።

«አቤት እትዬ።»

«እሑድ ኮትህን ልበስ።»

«ምን ልናገር?»

«ምንም አትናገር። ቁም።»

እሑድ ጠዋት አቶ ወልዴ ቤት ስንደርስ ሦስቱ ሽማግሌዎች ቀድመውን ከበሩ ወዲያ ተደርድረው ቆመዋል። መሪያቸው ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ያስታረቁት ባልና ሚስት ቢሰለፍ ቴፒ ይደርሳል። በዙሪያው ያሉት መደቦች አጎዛ ተነጥፎባቸው ባዶ ናቸው። አቶ ወልዴ መሐል ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከጓዳው የወጥ ሽታ ይመጣል። ብዙነሽ የጓዳውን መጋረጃ በእጇ ጨብጣ ቆማለች፤ የሚታየኝ ጣቶቿ ብቻ ነበሩ።

ገባን፤ እትዬ አየለች ከሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ቆሙ። እኔም ኮቴን ቆልፌ ከጎናቸው ቆምኩ።

«መምህርት፣ ይቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ወልዴ። ሲናደዱ በቤንችኛ ሲያፍሩ በአማርኛ ነው የሚናገሩት፤ ያን ቀን አማርኛቸው በጣም ያማረ ነበር።

«እነሱ ሲቀመጡ እቀመጣለሁ።»

«እነሱ'ኮ ጉዳይ ይዘው ነው።»

«እኔም ጉዳይ ይዤ ነው።»

ጋሽ ደምሴ ፈገግ አሉ። «ምን ጉዳይ ነው ልጄ?»

«የእናንተው ነው ጋሼ። እናንተ ልጅቱን ካልሰጡን አንቀመጥም ብላችኋል አይደል? እኔ ደግሞ ካልከለከሏችሁ አልቀመጥም።»

«ሴት ሽማግሌ ሆና አይተን አናውቅም» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«እኔም በአባቷ ዕድሜ ያለ ሙሽራ አላየሁም ነበር። ዕድሜ ደጉ ስንቱን ያሳያል!»

ጓዳው ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ እናትየው መሆን አለባቸው። ሽማግሌው ከመቆጣቱ በፊት ዝናቡ ጣሪያው ላይ ወረደና ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ቆርቆሮ በዝናብ ሲመታ በኛ አገር ፓርላማም ቢሆን ይበተናል።

ያን ዓይነት መቆም አይቼ አላውቅም። ሦስት ወዲያ፣ ሁለት ወዲህ። አቶ ወልዴ መሐል ላይ ብቻቸውን እንደ ተከሳሽ ተቀምጠው አንዴ እነሱን አንዴ እኛን ያያሉ። በኋላ አፈሩና እሳቸውም ተነሱ። እናትየው ምን ሆናችሁ ብለው ከጓዳ ወጥተው እሳቸውም ቆሙ። ቤቱ ሙሉ መቀመጫ፣ ቤቱ ሙሉ ቋሚ።

«ወልዴ» አሉ ጋሽ ደምሴ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ «ሰውየውን ታውቀዋለህ። ቡናህን ሌላ ማን ይጭንልሃል? አንድ ቃል በለንና ሁላችንም እንረፍ።»

አቶ ወልዴ ወደ መጋረጃው አዩ። አፋቸውን ከፈቱ። እትዬ አየለች ያን ጊዜ ቀስ ብለው፣ እኛ ትምህርት ቤት ሰምተነው በማናውቀው ድምፅ፣ «አቶ ወልዴ፣ ልጅቱ ሰኔ ድረስ ብቻ ነው የምትጠይቅዎ» አሉ።

እኔ አለመናገር ያለብኝ እዚህ ላይ ነበር። ግን ስልጠና ወስጃለሁ። ደረቴን ነፍቼ፣ «በሕገ መንግሥቱም ሆነ በዓለም አቀፍ ስምምነቶች መሠረት፣ ሕፃን ማለት» ብዬ ጀመርኩ። ሕፃን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልተናገርኩም። ምሰሶው ወደ ግራ ሄደ፤ ጋሽ ደምሴ ሁለት ሆኑ፤ ከዚያ አራት ሆኑ። አራት ሽማግሌ በዛ ብዬ ሳስብ መሬቱ ተነስቶ ግንባሬን መታኝ።

ስነቃ ጭንቅላቴ ሰው ጭን ላይ ነው። ፊቴ ላይ ውኃ ይፈሳል። ከላዬ የጋሽ ደምሴ ጢም ይንቀጠቀጣል፤ «ውኃ ጨምሩ! ኮቱን ፍቱለት! አንተ ልጅ፣ ተንፍስ!» ይላሉ። ሽማግሌው ወለሉ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ቁጭ ብለዋል።

እትዬ አየለች እኔን ዞረውም አላዩኝ።

«ጋሽ ደምሴ ተቀመጡ» አሉ።

ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች ባንድ ጊዜ ጮኹ። «ይኼ አይቆጠርም! ሰው ወድቆ'ኮ ነው!»

«መውደቁን አይቻለሁ። መቀመጣቸውንም አይቻለሁ።»

«ጋሼ፣ ይነሱ! ቶሎ ይነሱ!» አለ አንደኛው ክንዳቸውን እየጎተተ።

ጋሽ ደምሴ ወደ ላይ አዩ። ብዙነሽ መጋረጃውን ለቃ ወጥታ ነበር፤ በእጇ የውኃ ጣሳ ይዛ ዓይኗን ከሳቸው ላይ አልነቀለችም። ረጅም ጊዜ ያዩዋት መሰለኝ። ከዚያ ክንዳቸውን አስለቀቁና፣ «የታመመ ሰው ጭኔ ላይ አስተኝቼ ወዴት ነው የምነሳው? ነውር አይደለም?» አሉ። ጭንቅላቴንም አመቻቹት። እኔ በዚያ ሰዓት ድኜ ነበር፤ ቀና ልል ስል በመዳፋቸው ግንባሬን መልሰው ተጫኑኝ።

አቶ ወልዴ ከአንድ ኩንታል ቡና ሥር እንደወጣ ሰው ተነፈሱ። «እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው» አሉ። «ለሰውየው ንገሩልኝ። እኔ እንቢ አላልኩም፤ ሽማግሌህ ተቀመጠ በሉልኝ።»

ከዚያ ሁሉም ሰው ተቀመጠ። እትዬ አየለች ቦቲያቸውን ሲያወልቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እግራቸው አብጦ አልወጣላቸው ብሎ ብዙነሽ ተንበርክካ ሳበችላቸው። በላን፤ ሽማግሌዎቹም በሉ። ያ ቁጡው ሽማግሌ በየመሐሉ «አይቆጠርም» እያለ ጎረሰ። ሰኞ የወረዳው ሰዎች እንደ ቃላቸው መጥተው ችግር አለመኖሩን አረጋግጠው ተመለሱ። ነጋዴው ለጥቂት ጊዜ ኩርፊያ ላይ ነበር፤ ቡናው ግን ጥሩ ቡና ስለሆነ ተመልሶ ጫነ። ሰኔ ላይ ብዙነሽ ተፈተነች፤ አለፈች፤ ወደ ሚዛን ሄደች።

ያን እሑድ ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ አየለች በጭቃው መሐል ቆም አሉና፣ «አውቀህ ነው የወደቅከው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እንዴታ!» አልኩ። «ሽማግሌ የወደቀ ሰው አይቶ ቆሞ እንደማያይ አስቤ ነዋ!»

ትኩር ብለው አዩኝ። «እንዴት ያለ ብልህ ሊቀመንበር ነው የሰጠኝ!» አሉና መሣቅ ጀመሩ። አንድ ቦቲያቸው ጭቃው ውስጥ ተውጦ እስኪቀር ሣቁ። ከዚያ በኋላ ወሬውን በየሄዱበት ያወሩልኝ እሳቸው ናቸው፤ ሲያወሩ ግን ሁልጊዜ ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር።

በእትዬ አየለች ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ብዙነሽም ነበረች። ዛሬ ቴፒ ነርስ ነች። አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ለለቀስተኛው ያንን እሑድ ታወራ ጀመር። የቆሙትን ሰዎች፣ የእትዬ አየለችን ቦቲ፣ የጋሽ ደምሴን ጢም ነገረቻቸው፤ ሰው በለቅሶ መሐል ሣቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እሳቸው ደግሞ አወዳደቃቸው!» አለች። «አሁን ነርስ ሆኜ ስንት ራሱን የሳተ ሰው አይቻለሁ። እንደሳቸው አስመስሎ የሚወድቅ ግን የለም። ዓይናቸውን እንኳ ሲገለብጡት! ቲቸር፣ እንዴት ቢያስቡት ነው?»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጎፈሬው ወገን ላይ እጄን ጭኜ በትሕትና አቀረቀርኩ።

ምንም አላሰብኩም። ቅዳሜ ገበያ ላይ አቶ ወልዴ ለእንግዶቻቸው በግ እንደገዙ ሰማሁ። ለዚያ በግ ሆዴን ባዶ ላድርግ ብዬ ከቅዳሜ ምሳ በኋላ እህል አልቀመስኩም። የወደቅኩት ርቦኝ ነው።